እገሌ ያውቃል

አገሩ ሁሉ ለአዲሱ ሕገ መንግሥት ድምፅ ሰጥቶ በተመለሰበት እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ከአቶ ወልደአማኑኤል ደጅ ቆሙ። ጠዋት ተጠይቀው «እሺ» ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ አሁን በተራቸው «እሺ» ሊያሰኙ መጡ። የላካቸው ተረፈ የሚባል የቡና ችግኝ ባለሙያ ነው፤ የመጡትም የቤቱን ልጅ የሺሃረግን ሊጠይቁለት።

አቶ ወልደአማኑኤል እንደ ወጉ ጥቂት አቆይተው አስገቧቸው፤ ስለ መንገዱና ስለ ከብቱ ጠየቁ፤ የመጡበት ነገር እስኪነገር ጠበቁ። 

«ልጁን አልጠላሁትም» አሉ። «ግን እሱም ሶዶ ነው፣ እኛም ሶዶ ነን። አባቶቻችን ከጉራጌ አገር ወደዚህ ቡና አገር የወረዱት በአንድ መንገድ ተከታትለው ነው። ማን ከማን እንደተቀላቀለ ሳይጣራ ልጅ አልሰጥም። ዘር ይቆጠር። እስከ ሰባት ቤት ንጹሕ ከሆነ፣ ሁዳዴ ሳይገባ ውሰዱ። ቆጠራው ሳያልቅ ጾሙ ከገባ ግን ነገሩ ይቅር።»

«ይቅር ሲሉ ለፋሲካ ይደር ማለትዎ ነው?» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

«ይቅር ስል ይቅር ማለቴ ነው።»

የሺሃረግ ይህን ከጓዳ ሆና ሰማች። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከቡዳፔስት ከተመለሰች ወዲህ ያገኛት ሁሉ «ምን ተማርሽ?» ብሎ ይጀምርና መልሱ ሳያልቅ ወሬ ይለውጣል። ተረፈ ግን በችግኝ ጣቢያው ዳስ ሥር ጉቶ ላይ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ሰማት፤ ያልገባው ቦታ ሲደርስ መልሳ እንድትነግረው ጠየቃት፣ መልሳ ስትነግረውም ደስ አለው። ልቧ የሄደው ያን ቀን ነው። አሁን ያ ሰው የእሷ መሆን አለመሆኑ፣ በሕይወት ያላየቻቸው ሙታን ስም ላይ ተንጠለጠለ።

ነገሩ የሚያስቅም ነበረው፤ የተማረችው ይህንኑ ነበርና። ትምህርቷ በኮምፒዩተር ውስጥ ከተከማቸ ብዙ ጥቃቅን እውነት፣ ያልተጻፈውን መልስ እንዴት ማውጣት እንደሚቻል ነው። ሽበታሙ መምህሯ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የሚጽፉት ምሳሌ አንድ ነበር፦ የሰው ቀዳሚ ወላጁ ነው፤ አለዚያም የወላጁ ቀዳሚ ነው። ሁለት መስመር ብቻ። ሁለተኛው መስመር ግን ሊመልስ ሲጀምር ራሱኑ መልሶ ይጠይቃል፤ የወላጅን ቀዳሚ ለማወቅ የወላጅን ወላጅ፣ ከዚያም የእሱን ወላጅ፣ እንዲያ እያለ ይወጣል። «ጥያቄው አጭር ነው» ይሉ ነበር መምህሩ። «የሚከብደው አጠያየቁ ነው። በአንዱ መንገድ መልሱን ከምሳ በፊት ታገኙታላችሁ፤ በሌላው የልጅ ልጆቻችሁም አያገኙት።» የመመረቂያ ሥራዋ በዚሁ ላይ ነበር። አገሯ ስትገባ ግን ይመጣል የተባለው ማሽን ሳይመጣ ቀረ፤ በቡና ልማቱ ቢሮ የችግኝ ብዛት በእጇ እየደመረች ትኖር ነበር።

በተከታዩ ቅዳሜ የዘመድ ጉባኤ ተጠራ። የጠሩት የአባቷ ታናሽ እኅት እትዬ ጥሩነሽ ናቸው፤ በሠርግም በለቅሶም ቀድመው የሚነሡ፣ አፋቸው የማይከደን ሴት። የሺሃረግ ወረቀትና እርሳስ ይዛ ብትገባ ከእጇ ወሰዱባት።

«አንቺ ልጅ፣ ዘር በወረቀት አይቆጠርም። ቀበሌ የጻፈን ይበቃናል።»

ቆጠራው እንደ ጥንቱ ተጀመረ። መጀመሪያ ሁሉም ወደሚያውቁት ወደ ዋናው አባት፣ በሶዶ ምድር ቀድሞ ጎጆ ቀለሰ ወደሚባለው ሰው ወጡ፤ ከዚያ ወደ ታች መውረድ ሆነ። እገሌ እገሌን ወለደ፤ እሱም አራት ወንድ ሦስት ሴት ወለደ፤ የመጀመሪያው ደግሞ። እያንዳንዱ ሽማግሌ የየራሱን ቅርንጫፍ እየተቀበለ ዘረገፈው። አንዱ «የወለደችው ሁለተኛዋ ሚስቱ ናት» ሲል ሌላው «ሦስተኛዋ ናት» አለ፤ በዚያ ክርክር ምሳው ቀዘቀዘ። አሰላ ያሉ፣ ዝዋይ ያሉ፣ በጣልያን ጊዜ ዘር ሳይተኩ የሞቱ ሁሉ ተጠሩ። ቀኑ ሲያዘቀዝቅ፣ ከተረፈና ከየሺሃረግ በቀር ያልተጠራ የሶዶ ሰው የቀረ አይመስልም ነበር።

«እትዬ» አለች የሺሃረግ ቀስ ብላ፣ «የምንፈልገው እኮ ሁለት ሰው ነው።»

«ታዲያ ወደ እናንተ እየወረድን አይደል?»

«የምንወርደው አገሩን ሁሉ አስከትለን ነው። አሰላ ያለው ሰውዬ ለእኔና ለተረፈ ምናችን ነው? ከእኛ እንነሣና እንውጣ። የእኔ ወላጆች እነማን ናቸው፣ የእነሱስ ወላጆች፤ የተረፈም እንዲሁ። ወደ ላይ እንጂ ወደ ጎን አንሂድ። አንድ ሰው በሁለታችንም መንገድ ላይ ከተገኘ ዘመድ ነን። ካልተገኘ አይደለንም።»

እትዬ ጥሩነሽ ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። «ሁለት ወላጅ፣ አራት አያት፣ ስምንት... ሰባተኛው ላይ ስንት ሊሆን ነው?»

«መቶ ሃያ ስምንት። በየወገኑ።»

«ውይ የሺ! ከአሰላ አውጥተሽ እዚህ ልትከቺኝ ነው?»

ቤቱ ሳቀ። የሺሃረግም ሳቀች፤ እትዬ ጥሩነሽ እውነት ነበራቸው። ወደ ላይ ሲወጡ ሰው በየደረጃው እጥፍ ይሆናል። ነገር ግን ሶዶ ትንሽ አገር ነው፤ መንገዶቹ ከፍ ሲሉ እዚያው ሰው ላይ ይገናኛሉ። በእናት በኩል የመጣ አያት በአባትም በኩል ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ አንድ ሕግ አወጣች፦ የተጠየቀ ቤት ዳግመኛ አይጠየቅም፤ በየዙሩ የሚነሣውም ባለፈው ዙር አዲስ የተገኘው ስም ብቻ ነው።

ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። አባት እያለ ከልጅ መጀመር ሥርዓት አይደለም አሉ። ከተጀመረ በኋላ ግን ነገሩ እንደ ገበጣ ጣማቸው። የሟች እናቷ ወገን የቦንጋ ሰው፣ ካፋ ነው፤ ከሶዶ ጋር የሚያገናኘው አልነበረምና በአጭሩ ተዘጋ። የአባቷ ወገን እሑድ ከቀትር በፊት እስከ ሰባት ተሟልቶ ወጣ። የተረፈም አባት ወገን ወጣ፤ አንድም የጋራ ሰው አልተገኘም። በእናቱ ወገን ሲወጡ ግን አንዲት ሴት ላይ ቆሙ። የእናቱ እናት እናት ናት፤ በየነች ትባላለች።

«የበየነች አባት ማን ነው?»

 ከእሷ በላይ ያለው ሁሉ በአንድ ስም ተዘግቶ ቀረ።

አቶ ወልደአማኑኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሸዋ ቤንች ያለችው ማናልሞሽ ታውቃለች» አሉ።

ሸዋ ቤንች ቅርብ ነው። በማግስቱ እትዬ ጥሩነሽ በእግራቸው ደርሰው ተመለሱ። ፊታቸው በርቶ ነበር።

«ማናልሞሽ ምን አለች መሰለሽ? “እሱንማ የሚያውቀው ቴፒ ያለው በርጋ ነው” አለች። አገኘነው እኮ!»

ወደ ቴፒ የሺሃረግ ራሷ ሄደች። ቢሮዋ ለችግኝ ጣቢያዎች ጉብኝት ደብዳቤ ጽፎላት ነበርና ኬላው አላስቸገራትም። የጫናት ጀይላን የሚባል የቡና መኪና ሹፌር ነው።

«ምን ይዘሽ ነው የምትሄጂው፣ እኅቴ?» አላት።

«ጥያቄ።»

«ጥያቄ ጥሩ ነው፤ ኬላ ላይ አይመዘንም።» ነገሩን ሲሰማ ደግሞ ራሱን ነቀነቀ። «ታዲያ ሰውየው ራሱ ለምን አይሄድም? ለአንድ ባል ይህን ሁሉ አቧራ!»

«የጎደለው የእሱ ወገን ነው። ራሱ ጠይቆ ራሱ መልስ ቢያመጣ ማን ያምነዋል?»

«አንቺስ የምታምኝ ነሽ? ማግባት እየፈለግሽ!»

የሺሃረግ የቢሮዋን ደብዳቤ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። 

አቶ በርጋ የደረቀ ቡና በፈሰሰበት ግቢ ውስጥ በትልቅ ክብር ተቀበሏት። ጥያቄውን ሰምተው ዐይናቸውን ጨፈኑ፣ ጢማቸውን አሹ።

«በየነች... በየነች! ደግ ሴት ነበረች። አባቷን ማናልሞሽ ታውቃለች፤ ሸዋ ቤንች ናት።»

«እሳቸው ናቸው ወደ እርስዎ የላኩን፣ አባባ።»

አቶ በርጋ አልደነገጡም። ዐይናቸውን ዳግመኛ ጨፈኑ። «እንግዲያስ ማሻ ያለችው ማሚት። እሷ ትነግርሻለች።»

የሺሃረግ በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር ጠረጠረች፤ ነገር ግን ማሻ ሳትደርስ ልትደመድም አልፈለገችም። ጀይላን ቡናውን ጭኖ በጎሬ በኩል ሊወጣ ነበርና አብራው ቀጠለች። መንገዱ ወደ ደጋው ሲወጣ ቡናው አለቀ፤ ቀርከሃና ጉም መጣ።

እማማ ማሚት በጋቢ ተጠቅልለው ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል። ማን እንደሆነች ስትነግራቸው ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«የወልደአማኑኤል ልጅ! ወይ አንቺ፣ አባትሽ እያለ እኔ ጋ ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

«አባቴ ምን ያውቃሉ?»

«ምን ያውቃሉ ትላለች! በየነች ያደገችው በአባትሽ አያት ቤት ነው። እኔና እሷ አንድ ምንጭ ነው ውኃ የቀዳነው። ከዚያ እኔ ቀድሜ ተዳርኩ፣ ወጣሁ። ማን እንደወለዳት እኔ እንጃ፤ እሱ ግን የቤቱ ልጅ ነው። ወልደአማኑኤል ያውቃል።»

የሺሃረግ በልቧ ቆጠረች። በየነች የተረፈ ቅድመ አያት ናት፤ ያደገችው ደግሞ በእሷው ዘር ቤት። የቤቱ ልጅ ሆና ከሆነ፣ ነገሩ ሰባትም አልደረሰ።

ስትመለስ ስለ ጉዞው ሁሉ አሰበች። አባቷ ማናልሞሽ አሉ። ማናልሞሽ በርጋ። በርጋ ማሚት። ማሚት አባቷን። ማንም አልዋሸም፤ ማንም ክፉ አልነበረም። በእነሱ ዘንድ ለዘር ጥያቄ «አላውቅም» ማለት ለሽማግሌ ነውር ነው፤ የቤት ባዶነት ማሳያ ነው። «እገሌ ያውቃል» ግን ነውር የለበትም፤ ጠያቂንም ያከብራል፣ እገሌንም ያከብራል። እንዲህ እየተከባበሩ አንድ ባዶ እንስራ ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበላሉ፤ የያዘው ሁሉ የሚቀጥለው ሰው እንስራ ሙሉ ነው ብሎ ያምናል።

ቡዳፔስት እያለች ማሽኑም እንዲህ ይዞርባት ነበር። አንዱ ለሌላው፣ ሌላው ለአንዱ እያሳለፈ ያለ መልስ፣ ያለ ማብቂያ። መድኃኒቱን ታውቀዋለች፦ ጥያቄው ወደ ተነሣበት ሲመለስ፣ በዙሩም አዲስ ነገር ካልተጨመረ፣ ሊታወቅ የሚችለው ሁሉ ታውቋል ማለት ነው፤ ይቁም። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ያላገኘውን «የለም» ብሎ ይመልሳል። ዝምድና አልተገኘም፤ ስለዚህ ዝምድና የለም። ይህን መልስ ይዛ ቤቷ ብትገባ የሚከራከራት አልነበረም። ችግሩ መምህሯ ከዚያ ቀጥለው የሚሉት ነገር ነበር። «ይህ የተስማማንበት ነው እንጂ እውነት አይደለም» ይሉ ነበር፤ «የአውሮፕላን በረራ ስትጠይቁ ይሠራል፤ ሰሌዳው ላይ ያልተጻፈ በረራ የለምና። በሌላው ነገር ላይ ግን ተጠንቀቁ።»

የደረሰችው ጾሙ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ጠዋት መልስ ሊሰሙ ቀጠሮ አላቸው። አባቷ በጓሮ ለአጥር የሚሆን ቀርከሃ ይሰነጥቁ ነበር። ሰማንያ የተጠጉ ናቸው፤ እጃቸው ግን አይስትም።

«ደህና ገባሽ? ምን አሉ?»

«የበየነችን አባት ያውቃሉ፣ አባባ?»

«ማሚት ታውቃለች። አብረው ነው ያደጉት።»

«ከማሚት ነው የመጣሁት።»

ገጀራው ቀርከሃው ውስጥ ቆመ።

«ወደ እርስዎ ላኩኝ» አለች። «እርስዎ ማናልሞሽን አሉ፤ እሳቸው በርጋን፤ በርጋ ማሚትን። አንድ ዙር ዞሬ ቤቴ ገባሁ። ከመካከላችሁ አንድ ሰው “አላውቅም” ካላለ ይህ ነገር ሲዞር ይኖራል፤ ጾሙም ይገባል።»

«እኔ የቤቱ ታላቅ ነኝ። እኔ አላውቅም ካልኩ ማን ያውቃል ሊባል ነው?»

«ማንም ሊባል ነዋ።»

አቶ ወልደአማኑኤል የተሰነጠቀውን ቀርከሃ ከገጀራው አላቀው መሬት ላይ አኖሩት። 

«አላውቅም፣ የሺ» አሉ።

ቃሉ ሲወጣ ከብዶ ነበር፤ ከወጣ በኋላ ግን ሌላውን ተከትሎ አመጣው። በልጅነታቸው በአያታቸው ቤት በየነች የምትባል ልጃገረድ ነበረች። ልጅ ናት አልተባለም፤ አይደለችም አልተባለም። ወንዝ ዳር ግን ሴቶች ሲያሙ ሰምተዋል፦ ያፍንጫዋ አወራረድ የአባወራው ነው፣ ከሌላ ሴት የወለዳት ናት ይሉ ነበር። ልጅ ሆነው ያን ወሬ ውጠው ያዙት፤ አያታቸውን ይወዱ ነበርና ማንንም አልጠየቁም። የተረፈ ሽማግሌዎች የመጡ ዕለት ያ ወሬ ተመልሶ ጉሮሯቸው ላይ ቆመ።

«ይቆጠር ያልኩት አንድ ሰው ሌላ አባት እንዲጠራላት ፈልጌ ነው» አሉ። «ማንም ይሁን። ብቻ ከእኔ አፍ እንዳይወጣ።»

የሺሃረግ ከጎናቸው ተቀመጠች። እነዚያን ሁሉ ደጃፎች አንድ በአንድ አሰበቻቸው። በሁሉም ደጃፍ የጠየቁት የአንድ ሰው ስም ነበር። ሲጠየቁ የነበሩትም ስም ለመስጠት ነበር የሚጨነቁት። እሷና ተረፈ ግን የሚያስፈልጋቸው ስሙ አልነበረም፤ የሚያስፈልጋቸው በየነች ከዚህ ቤት ደም መሆኗና አለመሆኗ ብቻ ነበር። ይህን ደግሞ ማንም ማንንም አልጠየቀም።

«አባቷን ይተዉት» አለች። «ስለ እሷ ስለ ራሷ የሚያስታውሱትን ይንገሩኝ። ማን ዳራት?»

«የትኛውን ጊዜ? ሁለት ጊዜ ነው የተዳረችው። የተረፈን ሴት አያት የወለደችው ከሁለተኛው ባሏ ነው፤ ከእሱ ጋር ነው ወደ ቴፒ የወረደችው።»

«የመጀመሪያውስ?»

«እሱማ ብዙ አልኖረም፤ የኅዳር በሽታ ወሰደው፤ ልጅም አልወለዱ። የአያቴ ወንድም ልጅ ነበር። ሠርጉን አይቻለሁ፤ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ...»

«ዘር ተቆጥሮ ነበር?»

«ምን ማለትሽ ነው! አያቴ ሳይቆጥር ውሻም አይድርም ነበር። ራሱ ቆጥሮ፣ ራሱ መርቆ...»

ቃላቸው እዚያ ላይ ተቋረጠ። የሺሃረግ አልቀደመቻቸውም፤ ራሳቸው እንዲደርሱበት ጠበቀች።

«ልጁ ብትሆን» አሉ አቶ ወልደአማኑኤል በቀስታ፣ «ለወንድሙ ልጅ አይሰጣትም ነበር።»

«አይሰጣትም ነበር።»

«እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነበር።» እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። «ይህን ሁሉ ዘመን ተጠራጠርኩት፣ የሺ። ሠርጉን በዐይኔ አይቼ! ሁለቱን ነገር አንድ ቀን አላገናኘኋቸውም።»

አለቀሱ ማለት አይቻልም፤ ግን ፊታቸው ለጥቂት ጊዜ የሽማግሌ ፊት አልነበረም። የሺሃረግ ዝም ማለት ትችል ነበር። ከደጃፉ ውጭ ሕይወቷ ቆሞ ይጠብቃታል፤ ያልተናገረችውን የሚያነሣ ማንም የለም። የጀይላን ጥያቄ ግን ከቴፒ መንገድ ጀምሮ አልለቀቃትም።

«አባባ፣ አላለቀም» አለች። «ሠርጉ የሚያጠራልን በአያትዎና በወንድማቸው በኩል ያለውን ደም ብቻ ነው። በየነች የሴት አያትዎ ዘመድ ልትሆን ትችላለች፤ ሰው የዘመድ ልጅ ነው የሚያሳድገው። በእናትዎም በኩል ልትሆን ትችላለች። ስለዚያ የሚያውቅ ሰው የለም። ልንጠይቀው የምንችለውም ሰው አልቋል።»

አቶ ወልደአማኑኤል ቀና ብለው አዩአት።

«ይህን ባትነግሪኝ ኖሮ አላስበውም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ነገርሽኝ?»

«የሚፈርዱት እርስዎ ነዎት። የማያውቁትን ሳያውቁ እንዲፈርዱ አልፈለግሁም።»

ገጀራቸውን አንሥተው ወደ ቀርከሃው ተመለሱ። ለዚያ ቀን ሌላ ቃል አልተናገሩም፤ የሺሃረግም አልጠየቀቻቸውም። እትዬ ጥሩነሽ በመካከላቸው እየተመላለሱ «ሰው ሞቷል ወይስ ምንድን ነው?» ቢሉ የመለሰላቸው አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ገቡ። አቶ ወልደአማኑኤል ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት ለፊታቸው ተቀመጡ፤ የሺሃረግ በጓዳው በር ላይ ቆመች። አባቷ የተቆጠረውን ሁሉ በየተራ ተናገሩ፤ የበየነችን የመጀመሪያ ሠርግና የአያታቸውን ምርቃት ጭምር። ከዚያ ድምፃቸውን ሳያሳንሱ ቀጠሉ፦

«ከዚህ ያለፈውን፣ የወለዳትን ሰውና በሴት አያቴና በእናቴ በኩል ያለውን፣ አላውቅም።»

«ጋሼ!» አሉ እትዬ ጥሩነሽ ደንግጠው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ለባለቤቱ ክብር ብለው ቶሎ ጣልቃ ገቡ። «ምናልባት ጅማ ያለው የአጎቴ ልጅ ያውቅ ይሆናል፤ እሱ—»

«አያውቅም» አሉ አቶ ወልደአማኑኤል። «እኔ አላውቅም፣ ማናልሞሽ አታውቅም፣ በርጋ አያውቅም፣ ማሚት አታውቅም። የሚያውቁት ሞተዋል። እኛ የቀረነው ስንላላክ ነው የኖርነው። ጠይቀን ጨርሰናል። የታወቀው ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ተገኝቷል። ያልታወቀውን ፈጣሪ ይጠይቀኝ እንጂ በእነዚህ ልጆች ላይ አልጭነውም፤ ሳይፈልጉ ቀርተው አይደለም ያጡት። ልጄን ሰጥቻለሁ።»

 የሺሃረግ የበሩን መቃን ይዛ ነበር። ተረፈ ይህን ሰዓት ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ቆሞ የሽማግሌዎቹን መመለስ እንደሚጠብቅ ታውቃለች። ሮጣ ልትነግረው አሰኛት፤ ሥርዓቱ ግን አይፈቅድም፤ ቆመች።

ከሦስቱ ታላቅ የሆኑት ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እኔም» አሉ ለራሳቸው እንደሚናገሩ፣ «የእናቴን እናት ስም አላውቅም። ሰው ሲጠይቀኝ ወንድሜ ያውቃል እላለሁ። ወንድሜም ከሞተ ቆየ።»

«እኔ ደግሞ» አሉ ጅማን የጠሩት፣ «ያ የአጎቴ ልጅ እኮ ከእኔ በዕድሜ ያንሳል።»

«በቃ በቃ!» እትዬ ጥሩነሽ ከወንበራቸው ተነሡ። «ጉድ ነው! አሁን ደግሞ ማን የማን ልጅ እንደሆነ አንድም የሚያውቅ ጠፋ። እንዲህ ስትናዘዙ ብትውሉ ነገ በቅበላ ማንን ልንድር ነው? ነገ እኮ ነው፣ ሰዎች! ከነገ ወዲያ ጾም ነው!»

ሳቁ መጀመሪያ ከሽማግሌዎቹ ተነሣ፤ ከዚያ ከጓዳ። አቶ ወልደአማኑኤል ብቻ አልሳቁም፤ ፊታቸው ግን ዐርፏል።

«ሂጂ፣ ጥሩ» አሉ። «አንድ በሬ ፈልጊ።»